የመንታዎቹ አባት ሚስት

በዚያ ቤት ራት ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ቤት ቢጠየቅ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራ ነበር።

«እሺ እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ገደልሽብኝ?» ይላል ባል፣ ሳህኑን ወደ ራሱ እየሳበ።

«ዛሬ እንኳ ማንንም አልነካሁም። ማሽኑ ተበላሽቶ ቆመን ነው የዋልነው» ትላለች ሚስት።

«ተመስገን! አንድ ቀን አደሩ።»

ልጃቸው ሚጢ ይህን እየሰማች ስላደገች ሌላም ቤት እናቶች ሲገድሉ የሚውሉ ይመስላታል።

የባልም የሚስትም ሙያ ፊዚክስ ነው። ቤቱ አንድ ይሁን እንጂ በሩ ብዙ ነው። ባል ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚውል፣ ማንም አይቷቸው የማያውቅ ቅንጣቶችን «መኖር አለባቸው» ብሎ የሚያሰላ ሰው ነው። ሚስት ደግሞ ከከተማው ዳር፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ ማሽን ቅንጣት ከቅንጣት እያላተሙ፣ ከፍርስራሹ መሀል ባሏ አሉ የሚላቸውን ከሚፈልጉት አንዷ ናት። እሱ ይወልዳል፣ እሷ ፈልጋ ታጣለች። ፈልጎ ማጣት ደግሞ በእነሱ ሙያ እንደ ስንፍና አይቆጠርም። «እስከዚህ ድረስ ፈልገናል፣ የለም» ተብሎ ሲታተም፣ እዚያ ክልል ውስጥ ይኖራል የተባለ ሁሉ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ እሷን «አዳኟ» ይሏታል፤ እሱን «የመንታዎቹ አባት»።

የመንታዎቹ ነገር እንዲህ ነው። ሂግስ የሚባል፣ ለሌሎቹ ክብደት የሚሰጥ ቅንጣት አለ። ይህ ቅንጣት ራሱ ምን ያህል መክበድ እንዳለበት ሲሰላ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ የየድርሻውን እየጫነበት ቁጥሩ ጉድ ያሰኛል። ሲገኝ ግን ቀላል ሆኖ ተገኘ። በሚዛን አንድ ጎን ተራራ፣ በሌላው ጎን ሌላ ተራራ ተቀምጦ ልዩነቱ አንዲት የምስር ፍሬ ቢሆን ሰው ምን ይላል? አንዳንዱ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። የመንታዎቹ አባት ግን ሻዩ የሚቀዘቅዝበት ዓይነት ሰው ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ተፈጥሮ ውስጥ ደስ አይለውም፤ አንድ ምክንያት መኖር አለበት ባይ ነው። የሙያው ሰዎች ይህን የተፈጥሯዊነት ጥያቄ ይሉታል።

መልሱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ነበር፤ ሱፐርሲሜትሪ ይባላል። እያንዳንዱ የምናውቀው ቅንጣት ያላየነው መንታ አለው፤ አንዱ ሚዛኑ ላይ የጫነውን መንታው ያነሳዋል። እንዲያ ከሆነ ልዩነቱ ማነሱ አጋጣሚ መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል። ነገሩ ያምራል። እንኳን እሱ፣ የማያምኑበት እንኳ ያምራል ይላሉ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከመንታዎቹ አንዱም ታይቶ አያውቅም።

«እስካሁን ያልታዩት ከበድ ስለሚሉ ነው» ይላል አባታቸው። ማሽኑ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ሚስቱ ከአንድ ሰፈር ታስወጣቸዋለች፤ እሱ እንደ ምስኪን ተከራይ ዕቃቸውን ጭኖ ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ ከበድ ወዳለ ሰፈር ያዛውራቸዋል። ነገር ግን ዝም ብሎ ማራቅ አይቻልም። በጣም ከከበዱ ያንን ሚዛን ማስተካከል ያቅታቸዋል፤ ሚዛን ካላስተካከሉ ደግሞ መኖራቸው ምን ሊፈይድ? በቅርቡ የመጨረሻው ሰፈር ላይ ደርሰው ነበር። «ከዚህ ካስወጣሽልኝ አልሟገትም። እጄን እሰጣለሁ» ብሏታል።

ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው ባልደረባው እጁን ቶሎ እንዲሰጥ ነው የሚፈልገው። ይህን ሰው «አይመስለኝም» ይሉታል፤ የተነገረውን ሁሉ በዚህች ቃል ስለሚመልስ። እውነተኛ ስሙን ከእናቱ ሌላ የሚያስታውስ መኖሩን እንጃ። በኮሪደር ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ያፏጫል። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ልማድ ሆኖበት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሰኞ ዕለት ነው፣ ሳጥኑ በተከፈተበት ቀን።

አዳኞች የገዛ ዓይናቸውን አያምኑም። ማየት የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን እንደሚያይ ስለሚያውቁ፣ መንታዎቹ ሊታዩበት የሚችሉትን ክፍል ከራሳቸው ይደብቃሉ። ኮምፒውተሩ ይሸፍነዋል። አሠራሩ ሁሉ ተመርምሮ፣ ሁሉም ተስማምቶ ካበቃ በኋላ ሽፋኑ ይነሳል። ይህንን ሳጥን መክፈት ይሉታል። ከተከፈተ በኋላ «ቆይ ይቺን ላስተካክል» የለም።

ጠባቧ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። አንዱ የማይበላ ብስኩት አዙሮ፣ ማንም ሳይነካው መለሰው። አለቃቸው፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ሴትዮ፣ እስክታገኘው ጠበቋት። ቁልፉን ተጫነች።

ነጥቦቹ ግድግዳው ላይ ወጡ። መንታዎቹ ቢኖሩ ነጥቦቹ ከመስመሩ በላይ ይቆለሉ ነበር። አልተቆለሉም። ሁሉም የሚጠበቀው መስመር ላይ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ምንም የለም፤ የመጨረሻው ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው።

አዳኟ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ሥራዋ ንጹሕ ነበርና። ወዲያው ግን ባሏ ትዝ አላት።

«እስከሚመጣው ሰኞ ጉባኤ ከዚህ ክፍል አንዲት ቃል አትወጣም» አለች አለቃዋ። «ለእናት አይነገርም፤ ለወንድም አይነገርም።» ከዚያ ወደ አዳኟ ዞር ብላ «ለባልም» አለች።

ሁሉም ሳቁ። አዳኟም ሳቀች፤ ግን ከጥርስ ያላለፈ ሳቅ ነበር። ከዓመታት በፊት ከመካከላቸው አንዱ ገና ያልተጣራ ነገር ለጓደኛው ሹክ ብሎ፣ ወሬው ዓለምን ዞሮ፣ ነገሩ ሲጣራ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ያ ሰው ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ምንም ባልሆነ ነበር፤ ነገሩ ዓርብ መኖሩ ነው።

ባሏ በዓመት በዓመት እየታደሰ በሚሰጠው ሥራ፣ ሦስት ቦታ እየተሯሯጠ የሚያስተምር ሰው ነበር። አሁን ቢሮው ያለበት የምርምር ተቋም አዲስ ክፍል ሊከፍት፣ የሚመራውንም ሰው ለአምስት ዓመት ሊቀጥር ነው። አመልካች ሁሉ ምን ሊመረምር እንዳሰበ ዕቅዱን ዓርብ እስከ ቀትር ያስገባል፤ ከገባ በኋላ አንድ ፊደል አይነካም። ባሏ ደግሞ ሁለት ዕቅድ ነበረው። አንደኛው መንታዎቹን በመጨረሻው ሰፈር ስለማግኘት የጻፈው፣ ያለቀና የተወለወለ። ሁለተኛው «መንታዎቹ ጭራሹኑ ባይኖሩስ? ዓለም እንዲሁ በአጋጣሚ ተመዝና ብትሆንስ?» የሚል፣ ልቡ ሳይፈቅድ የጀመረው። ጎበዝ ሰው ሳይወደውም ጥሩ ይሠራል፤ ሁለተኛው የተሻለ እንደሆነ ሚስቱ ታውቃለች። ግን እሑድ ዕለት «የቱን ላስገባ?» ሲላት «የምትወደውን» ብላው ነበር። ያኔ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሰኞ ማታ ባሏ ራት ላይ ጥያቄውን ሊጀምር አፉን ከፈተና በእጁ ከደነው። «አልጠይቅም፣ አልጠይቅም! የሳጥን ወቅት ነው» አለ። የቤታቸው ሕግ ነበር፤ ሳጥን ሊከፈት ሲል እሱ አይጠይቅም፣ እሷም አትናገርም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ነው እንግዲህ። ባይሆን ይሻላት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከዕቅዱ ጋር ሲታገል ውሎ ሚጢን ከመዋለ ሕፃናት ማምጣት ረሳ። አስተማሪዋ እናትየዋ ጋ ደወለች። አዳኟ ሥራዋን ጥላ ስትደርስ፣ ልጅቱ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ አባቷ መንታዎች እንዳሉትና ከእሷ አብልጦ እንደሚወዳቸው እያስረዳች ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያ ቤት የሚቃጠልበት ምሽት ነው። ባልየው ይህን ስለሚያውቅ በር ላይ ቆሞ፣ ትከሻውን ሰብሮ፣ ይቅርታውን ደርድሮ ጠበቃቸው።

«አይዞህ» አለችው። «ማንም ይረሳል።»

የደረደረው ይቅርታ አፉ ውስጥ ቀረ። ራት ላይ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ለእሱ አወጣችለት። ሻይ ሲደፋ «ምንም አይደል» ብላ ራሷ ወለወለች። ሚጢ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች «እማዬ፣ አሞሻል?» ብላ ጠየቀች።

አዳኟ ነቃች። ነገር በዓይን ይገባል፤ እንደዚህ ከቀጠለች ሳትናገር መናገሯ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ተነሥታ ውሃ ቀጠነ ብላ ጠብ ፍለጋ ገባች። ፎጣው ለምን እርጥብ ሆነ? የጥርስ ሳሙናው ለምን ከመሀል ተጨመቀ? ይህ መስኮት ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የሚውለው? ጠብ ግን ለብቻ አይሆንም። ባሏ ፎጣውን አሰጣ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሰነበተውን ሳህን ሁሉ አጠበ። ሚጢ ደግሞ «አሁን ዳንሽ» አለቻት።

ሐሙስ ሚጢ እንደተኛች ባል ዕቅዱን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። የመንታዎቹን ነበር የያዘው።

«ነገ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ላንብብልሽ? ጆሮሽ ጥሩ ነው።»

አነበበላት። አነባበቡ የተረጋጋ ነበር፤ ሚዛኑን፣ ተራራዎቹን፣ ምስሯን፣ ለምን መንታዎቹ በዚያ ሰፈር መኖር እንዳለባቸው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ልክ ነበር፤ እያንዳንዱም ሞቷል። አዳኟ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ሰማች። አንድ ቃል ብትናገር በቂ ነበር። ስም እንኳ መጥራት አያስፈልጋትም፤ «ሌላውን አስገባ» ብትል ይበቃል። ግን ያንን ሥራ ሌሎችም ፈልገው ያመለከቱ አሉ፤ እነሱ አዳኝ ሚስት የላቸውም። ደግሞስ ለባሏ ሹክ ያለች ሴት፣ ነገ «የለም» ብላ ስትፈርም ፊርማዋ ምን ዋጋ አለው? እንዲህ እያሰበች ሆዷ ግን ሌላ ይላል። ሆድ የጉባኤ ሕግ አያውቅም።

«አንተ...» አለች።

«አቤት።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሦስተኛው አንቀጽ ረዝሟል።»

ባሏ ለአፍታ አያት፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣ። «ልክ ነሽ» አለና አሳጠረው።

ዓርብ ቀትር ላይ ስልኳ ላይ «ገባ» የሚል አጭር መልእክት ደረሳት። የቱ እንደገባ አልጻፈም፤ ማወቅ አላቃታትም። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ የሰኞውን ንግግር ማዘጋጀት ቀጠለች፤ ሥራ ነዋ።

ሰኞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባሏ እንደ ልማዱ ፊት ወንበር ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አዳኟ ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ብቻ ልትመሰገን ይገባታል። እንዴት እንደፈለጉ፣ ምን ምን ሊያሳስታቸው ይችል እንደነበር፣ ያንን እንዴት እንደተጠነቀቁት አስረዳች። በመጨረሻ ያንን ሥዕል ገልጣ፣ ነጥቦቹን መስመሩ ላይ አሳየች።

ከዚያ አንገት ሁሉ ወደ ፊት ወንበር ዞረ። የሞተውም የገደለውም ከአንድ ቤት ሲሆን ማየት ያጓጓል፤ ሳይንቲስትም ሰው ነው።

«ወንድሜ!» አለ ባልደረባው አይመስለኝም ከኋላ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት። «አንተ እኮ መንታዎችህን ዓርብ ዕለት ነው ያስገባኸው! እናንተ ቤት ውስጥ አትነጋገሩም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባሏም ሳቀ። «እሷ የሥራዋን ነገር ለትራሷም አታወራም» አለ። አይመስለኝም ለመጀመሪያ ጊዜ «ይመስለኛል» ብሎ መለሰ፤ ይህንን ያዩ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

አዳኟ ከመድረኩ ስትወርድ አለቃዋ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋ «ማንም ምንም ማለት አይችልም። ኩሪ» አለቻት። አዳኟ ኩራት ፈልጋ አጣች። ያፈረችው በሳቁ አልነበረም። ባሏ አብሮ መሳቁ ነው ያንገበገባት።

አመሻሽ ላይ አብረው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወረዱ። አንዱ ወጣት አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል፤ አንዲት ሴትዮ ከከረጢቷ ጋር ትታገላለች። አዳኟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ይቅር በለኝ።»

«በምን?»

«አውቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አውቅ ነበር።»

«ማወቅሽንማ አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ። ልጅ ረስቼ አይዞህ ያልሽኝ ለታ እኮ አለቀልኝ። አንቺን አግብቼ ይህን ያህል ስኖር፣ አንቺ አይዞህ ስትይ የሰማሁት ቀብር ላይ ብቻ ነው። ያን ምሽት መንታዎቼ እንዳለቁ ገባኝ።»

አዳኟ ቆማ አየችው። የሰማችው ቀስ እያለ ነው የገባት። ሐሙስ ዕለት ሲያነብላት የሞተ ነገር እያነበበ እንደሆነ ያውቅ ነበር። አንቀጹን ሲያሳጥርም ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን አስገባኸው?» ጮኸች፤ የከረጢቷ ሴትዮ ዞር አለች። «ሌላው ነበረህ አይደል? ከዚህኛው የተሻለው! ለምን እሱን አላስገባህም?»

«ዓርብ እሱን ባስገባ፣ ሰኞ አንቺ ይሄንን ስታሳዪ ያ አይመስለኝም ምን ይላል?»

የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች።

«ሚስቱ ነገረችው ይላል» አለ ባሏ። «ይላሉ፤ እሱ ብቻም አይደለም።»

«እኔ እኮ አልነገርኩህም!»

«አልነገርሽኝም። ግን ለማን ታስረጃለሽ? አይዞህ አልኩት እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም ልትያቸው ነው? ከዚያ በኋላ አንቺ አለ ስትይም፣ የለም ስትይም ማን ይሰማሻል? እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አንቺ ግን ስምሽን ከየት ታመጫለሽ?»

በቦርሳዋ ትከሻውን መታችው፤ ደግማ መታችው። «ጅል ነህ! አምስት ዓመትህን እኮ ነው! ጅል!»

«ቀስ፣ ኮምፒውተርሽ አለበት።»

አውቶቡሱ መጣ። ወጣቱና ሴትዮዋ ገቡ፤ ሾፌሩ ሁለቱን ለአፍታ ጠበቀና በሩን ዘግቶ ሄደ። ፌርማታው ላይ ከመንገድ አላፊ በስተቀር ማንም አልቀረም።

«አሁን ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«አላውቅም» አለ። ሁሌ «አላውቅም» ካለ በኋላ «ግን» ይል ነበር፤ ዛሬ አልጨመረም። ፈገግታው ግን አሁንም ፊቱ ላይ አለ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሳያወልቀው የከረመ ፈገግታ። «ለአንቺስ ደስ ይበልሽ፤ ሥራሽን አጥርተሽ ጨረስሽ። ከእንግዲህ የምትገድይው የለም።»

«መግደል ፈልጌ መሰለህ?»

«ሥራሽ ነው፤ እኔ ቅር አላለኝም።»

«አይደለም፣ ስማኝ» አለችና ኮሌታውን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ አላበሰችውም። «ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ፣ ቁጥር ስደምር፣ ስታገል፣ እንዲጠፉልህ አልነበረም። አንድ ብቻ ፈልጌ ነበር። አንዷን ብቻ አግኝቼ፣ ይኸው ልጅህ፣ እውነትህን ነበር ብዬ ላመጣልህ። ሳጥን በተከፈተ ቁጥር የምመኘው ይሄንኑ ነበር። ሳጣ ነው የኖርኩት።»

የመንታዎቹ አባት የሚመልሰው ቀልድ ፈለገ፤ አላገኘም። ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅበት አብሮ የሳቀው ሰውዬ፣ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ መንገደኛ እያየው፣ ሚስቱን እቅፍ አድርጎ አለቀሰ።